«ተገድጄ ነበር ብዬ ልፈርም?»

ደብዳቤው የደረሳት ሐሙስ ከምሳ በኋላ ነው። ቢሮዋ ውስጥ ነበረች፤ ጠረጴዛዋ ላይ መርፌው የተጣመመ ሚዛን፣ ከጠረጴዛው ማዶ ደግሞ ያኮረፈ ሥጋ ሻጭ ተቀምጧል።

«እስቲ ይፍረዱኝ፤ እኔ ሌባ እመስላለሁ?» ይላል ሥጋ ሻጩ።

«ሌባ ማን አለዎት? የተባለው ሚዛንዎ ነው» አለችና ፖስታውን ቀደደችው።

ለማታውቋት ላስተዋውቃችሁ። ሴትየዋ የሚዛን ተቆጣጣሪ ነች። ከሱቅ ሱቅ እየዞረች የነጋዴውን ሚዛን በራሷ የብረት መለኪያ ትፈትናለች። ልክ ከሆነ ማኅተም ትመታበታለች፣ ካልሆነ ቀይ ወረቀት ትለጥፍበታለች። አሥር ግራም ከጎደለ የእናቷ ልጅም ቢሆን አትምርም። ነጋዴው ሁሉ «ወይዘሪት ሚዛን» ይላታል፤ ፊት ለፊት በአክብሮት፣ ዞር ስትል ግን በሌላ ዜማ። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፣ የዳኛ ልጅ ነች፣ እምቢ ካለችም እምቢ ነው።

የፊታችን እሑድ ደግሞ ካቶሊክ ልትሆን ነው። አንድ ዓመት ሙሉ ስትማር ቆይታ በምእመናን ፊት የእምነት ቃሏን ልትሰጥ ቀጠሮ ተይዟል። ከዚያ በኋላ፣ ቤተ ክርስቲያኒቱ ከፈቀደች፣ ትዳር። የምትወደው ሰው ዳቦ ጋጋሪ ነው፤ እሱ ከልጅነቱ ካቶሊክ ነው። የዛሬ አሥር ዓመት በዚያችው ቤተ ክርስቲያን አግብቶ፣ ሚስቱ በሁለተኛው ዓመት ጥላው ሄዳለች። በዚያ እምነት ትምህርት ደግሞ ሚስት ስለሄደች ብቻ ትዳር አያልቅም። ከመጀመሪያውኑ ትዳር አልነበረም ካልተባለ፣ ለምሳሌ ከሁለቱ አንዳቸው ተገድደው ገብተውበት ካልሆነ፣ ሌላ ማግባት የሚባል ነገር የለም። ጋጋሪውም «ሚስቴን አባቷ አስገድደው ነው የዳሯት» ብሎ ለቤተ ክርስቲያኑ ፍርድ ቤት ካመለከተ ስምንት ወር ሆኖታል። የሚጠበቀው የቀድሞ ሚስቱ ምስክርነት ብቻ ነው።

ደብዳቤው የዚችው የቀድሞ ሚስቱ ነበር።

«ለማላውቅሽ እህቴ፣

አድራሻሽን ከድሮ ጎረቤታችን አገኘሁ። ከቤተ ክርስቲያኑ ፍርድ ቤት ጥያቄ መጥቶልኛል፤ ስታገቢ አባትሽ አስገድደውሽ ነበር ወይ ይላል። እሱ እንደዚያ ብሎ ማመልከቱ ገባኝ። አልዋሸም። ያኔ ስንጣላ ‹አባቴ ነው አንተ ላይ የጣለኝ› እያልኩ እጮህበት ነበርና አምኖኝ ነው። እውነቱን ልንገርሽ? ማንም አላስገደደኝም። አባቴ እንዲያውም አይሆንም ብሎ ነበር፤ እህል አልቀምስም ብዬ ያስፈቀድኩት እኔ ነኝ። ወድጄው ነው ያገባሁት። በኋላም ወድጄ ነው የሄድኩት። ሰው ሁለቱንም ያደርጋል።

አሁን ሌላ ኑሮ አለኝ፣ አልመለስም። እናንተ ደግሞ ለመጋባት የቀረቻችሁ የእኔ ወረቀት ብቻ እንደሆነች ሰማሁ። አባቴ ሞቷል፤ የሚያስተባብል የለም። ተገድጄ ነበር ብዬ ልፈርም? በሚቀጥለው ሳምንት መልስ መስጠት አለብኝ። አንድ ቃል ጻፊልኝ፤ እሱን ስጎዳው የኖርኩት ይበቃል።»

መቼም ውሸት አያምርብንም፤ መጀመሪያ የተሰማት ደስታ ነው። ልቧ ከደረቷ ሊወጣ ደረሰ። አለቀ! እሑድ የእምነት ቃል፣ ከጥቂት ወር በኋላ ደግሞ እሱ፣ ያ ክንዱ በምድጃ የተጠባበሰ ረጅም ሰው፣ አጠገቧ ሊቆም ነው። ደብዳቤውን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ዓይኗ ሚዛኑ ላይ አረፈ።

«ምነው? መጥፎ ዜና ነው እንዴ?» አላት ሥጋ ሻጩ፤ ኩርፊያውን ረስቶ።

«አይደለም» አለችው። «ጥሩ ዜና ነው።» ይህን ስትል ለምን ዓይኗን ከሚዛኑ ማንሣት እንዳቃታት ለራሷም ግራ ገባት።

ከጋጋሪው ጋር የተዋወቁት በጠብ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ዳቦ ቤቱ ገብታ ሚዛኑን ስትፈትነው ከልኩ በላይ ቆጠረ። ደንበኛን የሚበላ ሚዛን ነው ማለት ነው። ቀይ ወረቀቷን ለጠፈችበት። ሰውየው አልጮኸም፣ አልለመናትም። «ወይዘሪት፣ የእኔ ሚዛን ደህና ነው። የእርስዎን ብረት ያስመርምሩ» ብቻ አላት። የሷን ብረት! ዓይኑን በጨው ያጠበ ሌባ ብላ ሦስት ቀን አሸገችበት። በአራተኛው ቀን እልህ ይዟት ብረቷን ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ወሰደችውና ከዋናው መለኪያ ጋር አስተያየችው። ብረቷ ከብዶ ተገኘ። ለካ እንዳይዝግባት፣ እንዲያምርላት፣ በገዛ እጇ ሁለቴ ቫርኒሽ ቀብታው ኖሯል! ለመለኪያዋ ከማንም በላይ የምትሳሳ ሴት፣ በስስቷ ብዛት ልኩን አጠፋችው። በዚያ ብረት ያለጥፋታቸው ቀይ ወረቀት የተለጠፈባቸው አሥራ አንድ ሱቆች ናቸው። አሥራ አንዱንም ዞራ ይቅርታ ስትጠይቅ ፊቷ ከወረቀቱ ይብስ ይቀላ ነበር። ጋጋሪው ጋ ስትደርስ ትኩስ ዳቦ ቆርሶ አቀበላትና «ይብሉ እንጂ፤ ይህን እንኳ አንመዝነውም» አላት። በዚያው ቀረች።

ወደ ቤተ ክርስቲያኑም መጀመሪያ የገባችው እሱን ልትጠብቅ ነው፤ ይህን አትክድም። የጠዋቱን ዳቦ አውጥቶ ለአጭር ጸሎት ሲገባ ኋላ ወንበር ላይ ትቀመጥለት ነበር። ከዚያ እሱ በማይመጣባቸው ቀናትም መሄድ ጀመረች። ለሰው ተንበርክካ የማታውቅ ሴት እዚያ ቤት ጉልበቷ በራሱ ጊዜ ታጠፈ። ይህንን ለማን ታስረዳ? ከተማው «ወንድ ተከትላ ሃይማኖት ለወጠች» ብሎ ጨርሷል።

ተማሪነቷ ግን ጉድ ነበር። የሚያስተምሯት አባ በዕድሜ የገፉ፣ ሲያስተምሩ ካልሲያቸውን የሚጠቅሙ ሰው ናቸው። ከመማሪያ መጽሐፏ ስለ ጋብቻ የሚናገረው ምዕራፍ ላይ ሲደርሱ ገጾቹን በወረቀት መያዣ ጥርቅም አድርጋ አሰረቻቸው።

«አባ፣ ይህን አልቀበልም። ሌላውን ሁሉ ተቀብያለሁ።»

«ለምን ልጄ?»

«የሞተ ትዳር ሞቷል። ሬሳ ታቅፋችሁ ኑሩ ትላላችሁ እንዴ? ጭካኔ ነው!»

አባ መርፌያቸውን አቁመው አዩአት። «እኔ አላወጣሁትም» አሉ። «ደግሞ ማንም አላስቸኮለሽም። ቆይ።» ሌላ ምንም አላሉም። መልስ የማይሰጥ ሰው ደግሞ ለእሷ ከሚከራከራት ይብስባታል፤ ያን ቀን እስከ ቤቷ ድረስ ብቻዋን ስትሟገት ሄደች።

ዓርብ ከሰዓት፣ ምድጃው በሚያርፍበት ሰዓት፣ ዳቦ ቤት ሄደች። ጋጋሪው ቡኮ ማቡኪያውን እየፋቀ ነበር። ሲያያት ፊቱ በራ።

«የእኔ ቀይ ወረቀት! ለፍተሻ ነው ለፍቅር?»

«አንብብ» አለችው።

እጁን በሽርጡ ጠርጎ አነበበ። አንድ ቦታ ላይ ዓይኑ ቆመ፤ ተመልሶ ወደዚያው ሄደ፤ እንደገና ተመለሰ። የትኛው መስመር እንደሆነ ሳትጠይቅ አወቀችው። «ወድጄው ነው ያገባሁት» የሚለው ነው። ቅናት እንደ ሚጥሚጣ አንገበገባት።

«ወዳኝ ነበር ማለት ነው?» አለ፤ ለሷ ሳይሆን ለራሱ። ከዚያ ወረቀቱን አጠፈውና ቀና አለ። «ትፈርም።»

«ምን አልክ?»

«ትፈርም አልኩ! ስምንት ዓመት ብቻዬን ጋግሬ ብቻዬን በልቻለሁ። ራሷ ልፈርም ካለች እኔ ማን ነኝ እምቢ የምል? ማን ይጎዳል? ንገሪኝ፣ ማን ነው የሚጎዳው?»

«እኔ እንጃ።»

«አየሽ!»

«እኔ እንጃ አልኩህ እንጂ ማንም አይጎዳም አልኩህ?»

«አንቺ ልጅ ታሳብጅኛለሽ!» ሽርጡን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ ወረወረው፤ ዱቄቱ ቦነነ። «ዓመቱን ሙሉ ይህን ሕግ ስትሰድቢ የኖርሽው አንቺ ነሽ። ገጹን ያሰርሽው አንቺ ነሽ። ‹ጭካኔ ነው› ያልሽው አንቺ ነሽ። ዛሬ ጠበቃው ሆነሽ መጣሽብኝ?»

«ሰድቤዋለሁ፤ ዛሬም አልገባኝም። ቢቻለኝ ዛሬም እሰድበዋለሁ! ግን የሰደብኩት ፊት ለፊት ነው። በፊት በር እየተሳደብኩ መግባት ይሻለኛል፣ በጓሮ በር በውሸት ወረቀት ሾልኬ ከምገባ።»

«የምንዋደደውስ? እሱ ውሸት ነው?»

«አይደለም!» ድምፅዋ ተሰበረ። «እሱማ አንዱ እውነት ነው። እሱ ባይሆን ኖሮ ይህን ያህል ያመኝ ነበር?»

ጋጋሪው ማቡኪያውን ትቶ ቀረባት። ሊይዛት እጁን ዘረጋ፤ እሷ ወደኋላ አለች። ከያዛት እንደምትሸነፍ ታውቃለችና።

«ያንን ቫርኒሽ የቀባሁትን ብረት አስታውስ» አለችው። «ያን ቀን ሌባ ነህ ስልህ በሙሉ ልቤ ነበር። ቅንጣት አልተጠራጠርኩም። ከዚያ ወዲህ ልቤ ‹ልክ ነሽ› ስላለኝ ብቻ አላምነውም። ዓመቱን ሙሉ አባ ፊት ስቀመጥ ይሄ ያልፋል፣ ይሄ ይወድቃል እያልኩ ማኅተሜን ይዤ ነው የተቀመጥኩት። አንድም ቀን ራሴን አላስፈተሽኩም። አልገባኝም ማለትና ውሸት ነው ማለት አንድ እንዳልሆነ ትናንት ነው የገባኝ፤ ይህች ሴት ‹ልዋሽልሽ?› ስትለኝ።»

«እንግዲያው ሂጂ ከአባ ጋር ኑሪ!» አላት።

የምላስ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። እሱም ወዲያው ቆጨው፤ እሷ ግን ሰምታዋለች።

«የአንተ ትዳር ነው፣ የአንተ ምስክር ነች» አለች ቦርሳዋን እያነሳች። «ደብዳቤውን ላንተ ትቼዋለሁ። ካሻህ አስፈርማት፤ ለአባም ለማንም አልናገርም። ግን በዚያ ወረቀት አጠገብህ አልቆምም። እሑድ ደግሞ ብቻዬንም ቢሆን እገባለሁ።»

ወጣች። የትኩስ ዳቦው ሽታ እስከ መታጠፊያው ተከተላት። አንድ ጊዜ ስሟን ቢጠራት ኖሮ ሮጣ ትመለስ ነበር፤ አልጠራትም።

ቅዳሜ ጠዋት እናቷን ካውያ ይዘው ቆመው አገኘቻቸው። እኚህ ሴት የዳኛ ሚስት መሆናቸውን አንድም ቀን ረስተው የማያውቁ ናቸው። ልጃቸው ዳቦ ጋጋሪ መውደዷ አንድ ሕመም፣ ያባቶቿን ሃይማኖት መተዋ ሌላ ሕመም ነበር። የሆነውን ሰምተው ካውያውን አቆሙ።

«እና አታገቢውም?»

«በዚህ ዓይነት አይሆንም እማዬ።»

እናት ቁጭ አሉ። ከዚያ ያልተጠበቀ ነገር ተናገሩ። «ስሚኝ ልጄ። ያንን ሰውዬ ጠልቼዋለሁ፣ አልክድም። ግን ዓይኔ እያየ ከምትቃጠዪ... ሁለታችሁም ይህን ቤተ ክርስቲያን ተዉትና ማዘጋጃ ቤት ሄዳችሁ ተፈራረሙ። እኔ አፌን ይዤ እቀመጣለሁ። ድግሱንም እዚሁ ሳሎን እደግሳለሁ። ዳቦውን ራሱ ያምጣ!»

ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን ቃል ስትለምን ኖራለች። አሁን በሰሃን ቀረበላት። እናቷን እንዴት እንደምትወዳቸው ያን ጊዜ ነው የገባት።

«አይሆንም እማዬ።»

«ወይ ጉዴ! የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት አንቺ ነሽ! ሰውየውን አጣሽ፤ እሱ ከሌለ ቤተ ክርስቲያኑ ምን ያደርግልሻል? ለማን ብለሽ ነው?»

«ለማንም አይደለም። ሰው ሁሉ ለእሱ ብላ ነው ሲል አይደል የኖረው? እንግዲህ ይየው!»

እናት ካውያውን አንስተው ልብሱ ላይ ጣሉት፤ ፊታቸውን አዞሩ። ልጅቱ በሩ ላይ ቆማ የእናቷን ጀርባ እያየች ቆየች፣ ይቅርታ ልትል ፈልጋ ሳትል ወጣች።

ከሰዓት አባ ዘንድ ሄደች። መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ አኖረችና የወረቀት መያዣውን ነቀለችው።

«ገባሽ?» አሉ አባ።

«አልገባኝም።»

«እኔም ሁሉም አልገባኝም» አሉ። «አርባ ዓመት አስተምሬዋለሁ። ሰው እዚህ መጥቶ ሲያለቅስ አብሬ አልቅሻለሁ። ግን የራሴን ልኬት ይዤ ብቀመጥ ኖሮ እስካሁን የራሴን ሃይማኖት እሰብክ ነበር።» አየት አደረጓት። «አንድ ነገር ሆነሻል። ብትፈልጊ ቀኑን እናራዝመው።»

«አላራዝምም።»

«ቃሉን የምትናገሪው ሰው ፊት ነው።»

«ሰው ፊት ይሁንልኝ! እኔም የምፈልገው ይህንኑ ነው።»

«ይሄ ነገር ትዕቢት እንዳይሆን ልጄ።»

አሰበች። «ትንሽ አለበት አባ።»

«ትንሽ ከሆነ ይዘሽው ግቢ» አሉ መርፌያቸውን እያነሱ። «ውስጥ እንተያያለን።» ሳቀች፤ ከሐሙስ ወዲህ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነበር፤ ስትስቅ እንባዋም አብሮ መጣ።

እሑድ ቤተ ክርስቲያኑ ጢም ብሎ ሞላ። የከተማው ወሬኛ አንድም አልቀረም፤ ያ ሥጋ ሻጭ እንኳ ኮት ለብሶ መጥቷል። ጋጋሪው ተዋት የሚለው ወሬ ከእሷ ቀድሞ ገብቶ ኖሯል። መካከለኛውን መተላለፊያ ይዛ ስትሄድ ሹክሹክታው በግራ በቀኝ ይከተላታል። «ምስኪን!» አለች አንዷ ጮክ ብላ። ተቆጣጣሪዋ ዞራ አየቻትና ሴትየዋ ዓይኗን ሰበረች። የመጨረሻው ወንበር ላይ ጥቁር ነጠላ የተከናነቡ፣ ከንፈራቸውን ያጣበቁ ሴት ተቀምጠዋል፤ እናቷ ናቸው። እሱ ግን የትም የለም። ሳትፈልግ ሦስቴ ፈለገችው።

አባ የእምነት ቃሏን ጠየቋት። እዚህች ጋ እወቁልኝ፤ ይህን ቃል ከተናገረች በኋላ መመለሻ የለም። እሱ ያንን ወረቀት አስፈርሞ ቢመጣም በዚያ ወረቀት አታገባውም፣ እውነቱን ቢናገርም የድሮ ትዳሩ ጸንቶ ይቀራልና አታገባውም። በሁለቱም በኩል አጥታዋለች። ተናገረች፤ ገበያ መሀል ነጋዴ በምትገሥጽበት ድምፅ ተናገረች፦

«ይህች ቤተ ክርስቲያን የምታምነውን አምናለሁ። የምታስተምረውን ሁሉ እቀበላለሁ፤ የገባኝንም፣ ያልገባኝንም።»

«ያልገባኝንም» የምትለዋ ከጽሑፉ ውስጥ አልነበረችም። አባ አላረሟትም። ዘይቱን ግንባሯ ላይ ሲቀቧት፣ ተንበርክካ ሳለች፣ ዕድሜዋን ሙሉ ተሸክማው የኖረችው አንድ ከባድ ነገር ከትከሻዋ ሲወርድ ተሰማት፤ ሐዘኑ ግን አልወረደም፤ እዚያው ነበር።

ቅዳሴው ሲያልቅ ወጣች። ጋጋሪው ደረጃው ላይ ቆሟል። የሥራ ልብሱን እንኳ አልቀየረም።

«ውስጥ ነበርክ?»

«በሩ ጋ። ሰምቼሻለሁ።» ዓይኑ ቀልቷል። «ትናንት ጻፍኩላት።»

«ምን ብለህ?»

«እውነቱን ጻፊ ብዬ። ደብዳቤዋን ደግሞ ዛሬ ከቅዳሴ በፊት ለአባ ሰጠኋቸው። ማመልከቻዬን አነሣለሁ አልኳቸው።»

ደረጃው ከእግሯ ሥር የከዳት መሰላት። ሰው በዙሪያቸው እየወረደ ያያቸዋል።

«ለእኔ ብለህ ነው?» አለችው በቀስታ።

«ለአንቺ ብዬ ቢሆንማ አስፈርማት ነበር» አላት።

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ እወደዋለሁ ትል ነበር፤ ለካ ገና አልወደደችውም ኖሯል። አሁን ግን ወደደችው፤ አጥንቷ ድረስ፣ መላ እስኪያጥራት ድረስ ወደደችው። እጁን ልትነካ ጣቶቿ ተንቀሳቀሱ። እሱም አየ፤ እጆቹን ወደ ኪሱ ከተታቸው።

«ከእንግዲህ ዳቦ ከሌላ ቦታ ነው የምገዛው» አለችው።

«አውቃለሁ።»

«ልረሳህ ፈልጌ አይደለም።»

«እሱንም አውቃለሁ። ሂጂ እንግዲህ፤ እኔ መጀመሪያ መሄድ አልችልም።»

አንድ እጅ ከኋላ ክንዷን ያዛት። እናቷ ናቸው። ወደ ጋጋሪው አንገታቸውን ሰበር አደረጉ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ነፍገውት የኖሩትን ሰላምታ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ጆሮ ጠጋ አሉ።

«ፊትሽን ጥረጊ፣ ሰው እያየሽ ነው።»

«ይዩኝ እማዬ!» አለች። «ይዩኝ!» እንባዋ እየወረደ፣ ሰውን ሁሉ ዓይን ዓይኑን እያየች፣ በእናቷ ክንድ ደረጃውን ወረደች።